ጥቁሩ ስክሪን

አቶ ልሳነወርቅ ከስብሰባ መድረክ የማይጠፉ፣ ቢሯቸው ግን የማይገኙ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ። «ከዘመኑ ጋር እንራመድ» ብለው አዲሱ ላፕቶፓቸው ላይ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ማስነሻ ሥርዓት አስጫኑ። ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው ሊያሳዩ ሲከፍቱት ግን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። አፍረው የጫነችላቸውን ባለሙያ ጠሯት።

«ገደልሽው! ከነገ ጀምሮ እዚህ ግቢ እንዳላይሽ!» ብለው ጮኹባት።

«አልሞተም ጌታዬ» አለች። «ሲነሳ ድምፁን ሰምተናል። ውስጡ እየሠራ ነው፤ የግራፊክስ ቅንብሩ ስላልገጠመለት ማሳየት ብቻ ነው ያቃተው። አምስት ደቂቃ ይስጡኝ።»

«ካልታየ ቢሠራ ምን ይረባል?» አሏት።

«እኛ እርስዎ ሳይሠሩ ሲታዩ ይኸው ስንት ዓመት ታግሠናል፤ እርስዎ እሱ ሳይታይ ሲሠራ አምስት ደቂቃ መታገሥ አቃተዎት?»