በአንድ ጋቢ የተለያዩ እኅትማማቾች

አንዲት ሴት ነበረች፤ ከእናቷ ማስታወሻ ብላ ያስቀረችው አንድ ጋቢ ነበር።

ልብ በሉልኝ፤ ወርቅ አላልኩም። ቤት አላልኩም፣ መሬት አላልኩም። ጋቢ ነው ያልኩት። እናቲቱ በመጨረሻ ዘመኗ በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ ዐይኗ እየደከመ፣ በገዛ እጇ ፈትላ ያሸመነችው ጋቢ። ክሩ እዚህ ቀጠን፣ እዚያ ወፈር ይላል፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበርና። ገበያ ቢወጣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

የሴትዮዋ ስም አስካለ ነው። ደሴ ነው የምትኖረው፣ እናቷ ባቆየችው ቤት። አንዲት ታናሽ እኅት አለቻት፤ ማንጠግቦሽ ትባላለች፤ ወልድያ አግብታ፣ ወልዳ ከብዳ የምትኖር። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ሞቷል። እናትዬዋ ከእነዚህ ከሁለቱ በቀር ልጅ የላትም፤ እነርሱም ከእርስ በርሳቸው በቀር ወንድም እኅት የላቸውም።

እናታቸው አልጋ ስትይዝ ያስታመመቻት አስካለ ናት። ሁለት ዓመት ተኩል! ያገላበጠቻት እርሷ፣ ያጎረሰቻት እርሷ፣ ልብሷን ያጠበችላት እርሷ። ማንጠግቦሽ ባሏም ታማሚ ነበረና፣ ትመጣና ሦስት አራት ቀን ሰንብታ፣ ልቧ ለሁለት ተከፍሎ ትመለሳለች።

እናትዬዋ ዐረፈች። አርባዋ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ እኅትማማቾች ዕቃዋን ሊከፋፈሉ ተቀመጡ። ድስቱ፣ ሣጥኑ፣ ወንበሩ፣ ቀሚሶቿ፣ ሁሉም በሰላም ተከፈለ። "አንቺ ውሰጂው"፣ "የለም፣ አንቺ ውሰጂው" እየተባባሉ። ጋቢው ላይ ሲደርሱ ግን ሁለት እጅ እኩል ተዘረጋ።

"ይሄ ያንቺ ነው ብላኛለች" አለች ማንጠግቦሽ። "ስትፈትለው አጠገቧ ነበርኩ።"

"ለእኔም ብላኛለች" አለች አስካለ። "ስትለብሰው ያለበስኳት እኔ ነኝ።"

ምእመናን፣ የትኛዋ የዋሸች ይመስላችኋል? አንዳቸውም አልዋሹም። እናታቸው በመጨረሻው ላይ ትረሳ ነበር፤ ለአንዷም "ያንቺ ነው" ብላለች፤ ለሌላዋም "ያንቺ ነው" ብላለች። ከልቧ ነው ያለችው። ግን ይህን የሚያስብ ማን አለ? ሐዘን ላይ ያለ ሰው ያስባል? እልህ የያዘው ሰው ያስባል?

ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹም ግራና ቀኙን ሰምተው፣ "ያስታመመችው ትውሰደው" አሉ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ማንጠግቦሽ እያለቀሰች፣ "እታለም፣ እኔስ ልጇ አይደለሁም ወይ?" አለቻት።

አስካለ ምን ብላ መለሰች?

"ልጇ ብትሆኚማ ኖሮ፣ ስትሞት እዚህ በተገኘሽ!"

ይህን በሰው ፊት ተናገረችው። ማንጠግቦሽ የእናቷን መድከም ሰምታ መንገድ ከጀመረች በኋላ መኪናው ተበላሽቶባት፣ ሦስት ሰዓት ዘግይታ እንደ ደረሰች እያወቀች ነው የተናገረችው። ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት የእናቷን ደጅ አልረገጠችም።

አስካለስ? አስካለ ጋቢዋን ይዛ ቀረች።

አጣጥፋ፣ የብል መድኃኒት አድርጋበት፣ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። በየዓመቱ የእናቷ መታሰቢያ ሲደርስ ታወጣዋለች፤ ፊቷን ትቀብርበታለች፤ ታለቅሳለች። የመጀመሪያው ዓመት የእናቷ ጠረን ነበረበት። ሁለተኛውም ዓመት ትንሽ ትንሽ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ግን የሚሸተው የብል መድኃኒት ብቻ ሆነ። ያም ሆኖ መልሳ ቆለፈችበት።

በእነዚያው ዓመታት ግቢዋን በሲሚንቶ አስመታችው። እናቷ በሕይወት ሳለች ግቢው ሌላ ነበር። ከበሩ ሲገቡ ጤና አዳም፣ ቀጥሎ ዳማከሴ፣ ከዚያ በሶብላ፣ ከዚያ ኮሰረት፣ ከኋላ አንድ ትልቅ ኮክ ነበረበት። ጎረቤቱ ሁሉ "ቅጠል ስጡን" እያለ ይመጣ ነበር። አስካለ ግን ብቻዋን ስትሆን መኮትኮቱም፣ ማጠጣቱም ሰለቻት፤ የክረምቱ ጭቃም አስመረራት። ኮኩ ተቆረጠ፣ ቅጠላ ቅጠሉ ተነቀለ፣ ግቢው ንጹሕ ሆነ። ዝናብ ሲዘንብ ውሃው እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ የሚያቆመው ነገር የለም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠነኛው ዓመት መጣ። የአስካለ ልጅ ሰዋስው ሴት ልጅ ወለደች፤ የአስካለ የመጀመሪያ የልጅ ልጅ። አራሷ እናቷ ቤት ሆና ትታረሳለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሕፃኗ አልተኛም ብላ ስታለቅስ አስካለ ተቀበለቻትና እያወዛወዘች ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረች። ልጇም፣

"እማዬ፣ አያቴ እናንተን ስታስተኛ የምትላችሁ ዘፈን ነበረ አይደል? እስቲ እሱን በያት" አለቻት።

እውነት ነው፤ ነበረ። እናታቸው ሲመሽ ልጅ አዝላ አትክልቱ መሀል ትዞር ነበር። በየቅጠሉ ፊት ቆም እያለች "ደኅና እደር" ትለዋለች። ዘፈኑን ራሷ ናት ያወጣችው፤ ከዚያ ግቢ ውጭ የትም አይታወቅም። አስካለ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች፦

"ጤና አዳሜ ተኛ፣ ሲቀጥፉህ ዋሉ፣
ዳማከሴም ተኛ፣ ታመው፣ ዳንን አሉ።
በሶብላዬ ተኚ፣ ንብ ቤቷ ገባች፣
ኮሰረቴም ተኚ፣ ጀንበር ጠለቀች…"

ከዚያ በኋላ ቆመ። አልመጣ አላት። ከመጀመሪያ ጀመረች፤ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። ሦስተኛ ሞከረች። ወደ መስኮቱ ሄዳ ግቢውን ብታይ ያስታውሳት መሰላት፤ ሄዳ አየች። ግቢው ሲሚንቶ ነው። ከኮሰረቱ ቀጥሎ ዘፈኑ ምን ይል እንደ ነበር የሚነግራት ነገር አንድም የለም።

ሕፃኗን ለእናቷ መልሳ ወደ ሣጥኑ ሄደች። ጋቢውን አወጣች፤ ዳሰሰችው፤ አሸተተችው። ጋቢው ምን ሊላት ይችላል? ጋቢ ዘፈን ያውቃል?

ያን ጊዜ ነው የገባት። ያን ዘፈን የሚያውቅ፣ ያቺን እናት እንደ እርሷ በልጅነት ዐይን ያየ፣ ያ ኮክ ሲያብብ ከሥሩ የተቀመጠ፣ በዚህ ምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው። ያንን ሰው ደግሞ እርሷ ራሷ ናት በአንድ ቃል ያባረረችው።

"ደውይላታ" አለቻት ልጇ።

"ይሄ በስልክ አይሆንም" አለች።

በማግሥቱ ጋቢውን በፌስታል አድርጋ ወልድያ በሚኒባስ ሄደች። የእኅቷን ቤት እየጠየቀች አገኘችው። ገብታ ስታይ ማንጠግቦሽ አልጋ ላይ ናት። ፊቷ አባብጧል፣ እጇ ቀጥኗል። ኩላሊቷን ካመማት ዓመት አልፎታል። ዓመት! አስካለ አልሰማችም፤ የሚነግራትም አልነበረም፤ የሚያውቋቸው ሁሉ የአንዷን ስም በሌላዋ ፊት ማንሣት ትተው ነበር።

አስካለ እዚያው በቆመችበት ጋቢውን አውጥታ እግሯ ሥር አስቀመጠችላት። "ይኸው፤ ያንቺ ነው። ውሰጂው" አለቻት።

ማንጠግቦሽ ጋቢውን አላነሣችውም።

"እታለም፣ ይሄን ልትሰጪኝ ነው የመጣሽ?" አለቻት። "እኔ እኮ ጋቢውን ድሮ ረስቼዋለሁ። ቃልሽን ነው ያልረሳሁት። ልጇ አይደለሽም ብለሽኝ፣ ስንቴ እውነቷን ይሆን እንዴ እያልኩ ራሴን እንደ ጠየቅሁ ታውቂያለሽ?"

አያችሁ፣ ዕቃ መመለስ ቀላል ነው። በፌስታል ይያዛል፣ በሚኒባስ ይጫናል። ቃል ግን እንዴት ይመለሳል? አስካለ መንገዱን ሙሉ ጋቢውን ስለ መመለስ ብቻ ነበር ያሰበችው። አሁን ግን የሚፈለግባት ሌላ መሆኑን አወቀች። ጉልበቷ እያመማት ተንበረከከች።

"ዋሽቼ ነው፣ ማንጤ። ልጇ ነሽ። መኪናው እንደ ተበላሸብሽም ዐውቅ ነበር፤ ዐውቄ ነው የተናገርኩሽ። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ሲደክመኝ፣ ሁልጊዜ የምትጠራው አንቺን ነበር። ማንጤ መጣች ወይ? ማንጤ መጣች ወይ? እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ! እሱ ነው ያቃጠለኝ። በድዬሻለሁ፤ ስለ ወላዲተ አምላክ ብለሽ ይቅር በይኝ።"

ማንጠግቦሽ ከትራሷ ቀና አለች። ከዚያም፣ "ትጠራኝ ነበር?" አለች።

"ሁልጊዜ።"

"ይህን ለዘጠኝ ዓመት ደብቀሽኝ ነበር?"

"ደብቄሽ ነበር።"

ሁለቱም አለቀሱ። ያለቀሱበት ምክንያት አንድ ነው አልልም፤ አንዷ ስለ ሰማችው፣ ሌላዋ ስለ ደበቀችው ነበር። ሲበቃቸው ማንጠግቦሽ፣ "እግዜር ይቅር ይበለን። ተነሺ፣ ጉልበትሽን ያምሻል" አለቻት።

ወደ ማታ ላይ አስካለ እንደ ፈራች ስለ ዘፈኑ ጠየቀቻት። ማንጠግቦሽ ሳታመነታ፣ በዚያ በደከመ ድምፅዋ ቀጠለችው፦

"ኮካችንም ተኛ፣ ፍሬህ እስኪበስል፣
ልጆቼም ይተኙ፣ ጎን ለጎን እንደ ቅጠል።"

ነገሩ በዘፈኑ አላበቃም። "አንቺ ኩፍኝ ይዞሽ የሞትሽ ያህል የተኛሽ ጊዜ፣" አለቻት፣ "እማዬ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። ከተኛሽበት ቤት ደጃፍ አልተነሣችም። ይህችን ከወሰድህብኝ እኔንም አታቆየኝ እያለች ስትጸልይ ሰምቻታለሁ። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ከኮኩ ሥር ተደብቄ ነበር።"

አስካለ ይህን በሕይወቷ ሰምታው አታውቅም። ታማ ነበርና እንዴት ትወቀው? ስልሳ አራት ዓመት እስኪሞላት ድረስ፣ እናቴ ከእኔ ይልቅ ማንጤን ትወዳለች ስትል ኖራለች። እንደዚያ እንዳልነበረ የሚመሰክርላት ሰው ወልድያ ነበረ፤ እርሷ ግን ደሴ ላይ ጋቢ ታሸት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያላቸው ጊዜ አራት ወር ብቻ ነበር። አስካለ በየሳምንቱ ትመላለስ ነበር፤ በመጨረሻም ጠቅልላ ሄዳ አጠገቧ ሰነበተች። ማንጠግቦሽ በዐቢይ ጾም መካከል ዐረፈች። ጋቢው ዛሬ ሣጥን ውስጥ የለም። ያቺን ሕፃን ማዘያ ሆኗል፤ ይቆሽሻል፣ ይታጠባል፣ ጫፉም መተርተር ጀምሯል። አስካለም የሲሚንቶውን አንድ ጥግ አስፈልጣ ጤና አዳም ተክላለች። እርሷ ግን ሰው ሲያጽናናት፣ "አራት ወር ስለ ሰጠኝ አመሰግነዋለሁ። ዘጠኙን ዓመት ግን ማን ይመልስልኛል?" ትላለች።

ምእመናን፣ እናንተስ? በሣጥናችሁ ምን አለ? የአባታችሁ ከዘራ ነው? የእናታችሁ ቀሚስ ነው? በግድግዳ የተሰቀለ ፎቶግራፍ ነው? መልካም፤ ጠብቁት፤ የወላጅን ነገር ማክበር ክፉ አይደለም። ግን ልጠይቃችሁ፤ ያን ዕቃ ስታገኙ ማንን አጣችሁ? ፎቶግራፉ ላይ አብሮአችሁ የቆመው ልጅ ዛሬ የት ነው? ደኅና ነው? ታሟል? ታውቃላችሁ?

እግዚአብሔር የእናታችሁ ማስታወሻ አድርጎ የተወላችሁ ጨርቅ ብቻ ይመስላችኋል? በእኅታችሁ ፊት ላይ የእናታችሁ ዐይን አለ። በወንድማችሁ ሳቅ ውስጥ የአባታችሁ ሳቅ አለ። እናንተ ያላያችሁትን እነርሱ አይተዋል፤ እነርሱ የረሱትን እናንተ ታስታውሳላችሁ። የገዛ ሕይወታችሁ እኩሌታ በእነርሱ ዘንድ ተቀምጧል፤ እናንተ ደግሞ በራቸውን አትረግጡም።

"በዳዩ እርሱ ነው" ትሉኝ ይሆናል። ይሆናል። "ሽማግሌ ፈርዶልኛል" ትሉኝ ይሆናል። ለአስካለም ፈርዶላት ነበር። ፍርዱ ምን ጠቀማት?

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ዕቃ ይዛችሁ አትሂዱ። ቃላችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ያን የተናገራችሁትን ቃል፣ እናንተ ብቻ የምታውቁትን፣ ሳታድበሰብሱ ጠርታችሁ "በድያለሁ" በሉ። አስካለ አራት ወር አገኘች። እኔና እናንተ አራት ቀን እንዳለን የነገረን ማን ነው?