ጉድጓድ ቆፋሪው የጠየቀው ሳንቃ

«አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበረ» አሉ የኔታ ላእከ።

ፊት ለፊታቸው የተቀመጠችው ይርገዱ አዋላጅ ናት። ባለፈው ክረምት አንዲት ወላድ ደም ፈስሷት እጇ ላይ ሞተችባት። ከዚያ ወዲህ ማንንም አላዋለደችም። አሁን የጎረቤቷ የመውለጃ ቀን ደርሷል። «የኔታ፣ ፍርሃቴ መቼ ነው የሚለቀኝ? እስኪለቀኝስ አዋልጅን የሚሉኝን ምን ልበላቸው?» ብላ ልትጠይቅ ነበር የመጣችው። የኔታ ለጥያቄዋ ወዲያው አልመለሱም፤ ታሪኩን ቀጠሉ።

ሰውየው ውሃ በራቀበት ቆላ የሚኖር ነበር። አፈሩን በእጁ አሽቶ ውሃው ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ይገምታል፤ ግምቱም አብዛኛውን ጊዜ ይሰምርለታል። አንድ በጋ ሲቆፍር ግድግዳው ተናደበት። አፈሩ እስከ አንገቱ ዋጠው። ጓደኞቹ ደርሰው በእጃቸው እየዛቁ አወጡት። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ብዙ ሳይቆይም ቆሞ ሄደ። ሰው ሁሉ እግዜር አተረፈው ብሎ ተደሰተ።

እሱ ግን ወደ ጉድጓድ አፍ መቅረብ አቃተው። ገና ከሩቅ ሲያየው ዞሮ ይመለሳል። ይህን ለሰው መናገር አሳፈረው። «ወገቤን ያመኛል» እያለ ሥራውን ተወና ሞፈርና ቀንበር መጥረብ ያዘ። በልቡ ግን ፍርሃቱ ሲወጣልኝ እመለሳለሁ ይል ነበር። ጠበል ተጠመቀ፤ ስለትም ተሳለ። ጥቂት ቀን ደህና የሆነ ይመስለዋል፤ ጉድጓድ አጠገብ ሲደርስ ያው ነው።

ነገሩም እንዳሰበው አልሆነም። እሱ ወደ ኋላ ባለ ቁጥር ፍርሃቱ ወደ ፊት ገፋ። መጀመሪያ የሚፈራው ጉድጓድ ነበር። ቀጥሎ በገደል ሥር በሚያልፈው መንገድ መሄድ ተወ። ከዚያ በሩ ዝቅ ያለ ቤት መግባት አስጨነቀው፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሲሄድ ደጅ ይቀመጣል። ሰዎች ኮርቷል አሉት። ሚስቱ ግን እውነቱን ታውቅ ነበር።

እንዲህ እንዳለ ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጩኸት ተሰማ። ማዶ ያለ አንድ ገበሬ በገዛ ጓሮው ጉድጓድ ሲቆፍር አፈሩ ተንዶበታል። ቆፋሪውም ከሰው ጋር ሮጦ ሄደ፤ አጥሩ ጋ ሲደርስ ግን እግሩ ቀጥ አለ። ገበሬው በሕይወት አለ፤ ከሥር ሲጣራ ይሰማል። ሰው ሁሉ የጉድጓዱን አፍ ከቦ ቁልቁል ያያል። አንድ ደፋር ጎልማሳ ሊወርድ ወገቡ ላይ ገመድ እያሰረ ነው።

የገበሬው ሚስት ቆፋሪውን አየችውና ሰዉን እየገፋች መጣች።

«ምነው ቆምክ? ከአንተ በቀር ይህን ማን ያውቃል?»

«ወገቤን...» ብሎ ጀመረና አቋረጠ። ያን ድምፅ እየሰማ መዋሸት አቃተው። «እፈራለሁ» አላት። «ከተናደብኝ ቀን ጀምሮ እፈራለሁ። እግሬ አይታዘዘኝም።»

ሴትየዋ አልሰደበችውም። «እኔም እየፈራሁ ነው» አለችው። «ፈርተህም ቢሆን ና።»

ሰውየው ቀረበ። ሲቀርብ ፍርሃቱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ግን የፈራ ዓይኑ ሌላው ያላየውን አየ፤ የጉድጓዱ አፍ ከሰው ክብደት የተነሣ መሰንጠቅ ጀምሯል። «ሁላችሁም ወደ ኋላ» አለ። ጎልማሳውንም ገመዱን አስፈታው። «በር ንቀሉ፤ የዚህንም ቤት፣ የጎረቤቱንም። ሳንቃና ወፍራም እንጨት አምጡልኝ።»

«ያ እስኪመጣ ሰውየው ይሞታል» አለ ጎልማሳው።

«ሳንቃ ሳንይዝ ከወረድን ሟቹ ሁለት ይሆናል።»

ሳንቃው መጣ። ቆፋሪው እየተንቀጠቀጠ ወረደ። ፍርሃቱ በበረታበት ቁጥር ይቆማል፤ ግድግዳውን ይዳስሳል፤ የላላ ቦታ ካገኘ ሳንቃ ያስደግፍና በእንጨት ይወጥረዋል። ሥር ሲደርስ ገበሬውን እስከ ብብቱ ተቀብሮ አገኘው። አፈሩን በእጁ እየዛቀ አላቀቀው፤ በገመድ አሰረውና ከላይ ሳቡት። የገበሬው አንድ ክንድ ክፉኛ ስለተሰበረ ከዚያ ወዲያ እንደ ልቡ አላረሰበትም። ነፍሱ ግን ተረፈች።

ቆፋሪው ወጥቶ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ጎልማሳው ውሃ ይዞለት መጣ።

«አሁንስ ፍርሃቱ ወጣልህ?»

«አልወጣም» አለ ሰውየው። «አብሮኝ ወረደ፤ አብሮኝ ወጣ።»

ከዚያ እስኪያረጅ ድረስ ጉድጓድ ቆፈረ። ሊወርድ ሲል ሁልጊዜ ይፈራል፤ ጓደኞቹም ስለሚያውቁ ይጠብቁታል። ከዚያ ወዲያ በሳንቃ እየደገፈ በቆፈረው ጉድጓድ ግን ሰው ተቀብሮ አያውቅም።

የኔታ እዚህ ላይ አቆሙና ወደ ይርገዱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። ፍርሃቱ እስኪለቀው ሲጠብቅ ለቅሶ ቤት መግባት እንኳ አቃተው። አንቺም ዝም ብለሽ ከጠበቅሽ ነገ ጨቅላ ማቀፍ ትፈሪያለሽ። መቼ እንደሚለቅሽ አላውቅም፤ ላይለቅሽም ይችላል። ቢሆንም ያንቺ ፍርሃት ሰው ሲሞት ያየ ፍርሃት ነው፤ የሚያውቀው ነገር አለው። እሱን ፍርሃቱ ሳንቃ አስጠየቀው። አንቺን ምን ያስጠይቅሻል? ለሰዎቹ እፈራለሁ በያቸው፤ ፍርሃትሽንም ይዘሽው ግቢ።»

ይርገዱ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች።

«እጄ ቢንቀጠቀጥስ?»

«ይንቀጠቀጥ። ያም ሰው እየተንቀጠቀጠ ነው ሳንቃውን የወጠረው።»

ይርገዱ ተነሣች።

«እንግዲያው የኔታ፣ ቃሬዛ ይሠራልኝ» አለች። «ደሙ ከበዛ ጎረቤቴ እኔ ጋ አትቆይም፤ ጤና ጣቢያ ትወሰዳለች። ለሚሸከሟት ሰዎችም ዛሬውኑ ይንገሩልኝ።»