የጋልሳን ጓጉንቸር

ጠጋ በሉ ልጆች፣ ጠጋ! አንተ ኋላ ያለኸው፣ አትጋፋ።

በድሮ ዘመን፣ ሞንጎሊያ በሚባል ሩቅ አገር፣ ጋልሳን የሚሉት ብልጥ ነኝ ባይ ስስታም ነበረ። አገሩ ዛፍ የማይታይበት ሜዳ ነው። መሐሉ ላይ ሰፊ ሐይቅ አለ፤ ብርዱ ሲመጣ ውኃው ድንጋይ ይሆንና ግመል ይሄድበታል። ውሸት እንዳይመስላችሁ!

የዚያ አገር ሰው ከበግ ፀጉር በተሠራ ክብ ድንኳን ይኖራል። የእንጨት በር አለው፤ ግን አይቆለፍም። ባለቤቱ ኖረም አልኖረም መንገደኛ ይገባል፣ ይጠጣል፣ ይሞቃል፣ መንገዱን ይቀጥላል። ወጋቸው ነው።

ጋልሳን ይህን ወግ ይወደው ነበር፤ በሰው ቤት ሲሆን! የባዝራ ወተት በሸተተው ድንኳን ሁሉ ገብቶ ይጠጣል። የራሱን በር ግን ከነጋዴ በገዛው ጓጉንቸር ጥርቅም ያደርገዋል።

ግመል ነጂ በርዶት መጣ፤ ጓጉንቸሩን አየ፤ ተመለሰ። ነፍሰ ጡር ደክሟት መጣች፤ ጓጉንቸሩን አየች፤ ተመለሰች። ጎረቤቱ ባልቴቷ ዶልጎር ደግሞ ሲቆልፍ ደረሱበት።

“ልጄ፣ ይህ ብረት ምንድን ነው?”

“ብልጠቴ ነው፣ እማማ!”

“እንግዲህ ብልጠትህ ያብላህ” አሉና ተመለሱ።

አንድ ቀን ጋልሳን የጠፉ ፈረሶቹን ሲፈልግ የበረዶ ውሽንፍር ያዘው። እንደምንም ቤቱ ደረሰ። ጣቶቹ ደንዝዘው ነበርና ቁልፉ አምልጦት በረዶው ውስጥ ገባ። ቆፈረ፤ የለም። ዳበሰ፤ የለም። “ክፈት!” ብሎ በሩን በጭንቅላቱ መታው። ማንን ነው የሚለምነው? ጓጉንቸር ጆሮ የለው!

ሞት ደጁ ላይ መጣበት። እያለቀሰ ወደ ዶልጎር ድንኳን ዳኸ። በሩን በትከሻው ገፋ አደረገው፤ ተከፈተ። ሰው የለም። ረመጡ ግን ይሞቃል፤ ድስቱም ውስጥ የወተት ሻይ አለ። ጠጣ፤ ነፍሱ ተመለሰች።

ዶልጎር ከበጎቻቸው ሲመለሱ እግራቸው ላይ ወደቀ።

“እማማ፣ እርስዎ ሳይኖሩ በርዎ አዳነኝ! ምን ልስጥዎ?”

“እኔ ምን አደረግሁ? ተነሥ፣ ገና አልጠገብክም” ብለው ደግመው ቀዱለት።

በማግስቱ ጋልሳን ጓጉንቸሩን በመጥረቢያ ሰብሮ ጣለው። ከዚያ ወዲያ መንገደኛ ከሩቅ ባየ ቁጥር ሮጦ እየተቀበለ፣ “ግቡልኝ፣ እባካችሁ ግቡልኝ!” ይል ነበር አሉ።

አያችሁ ልጆች? እንግዳ የከለከለ በር ጌታውንም አያስገባም።

ተረቴ እዚህ ያድራል፤ ጎረቤት ያኑርላችሁ።