መኪናው ያልተበላሸበት ሹፌር

አንድ ሹፌር ነበረ። ጥያቄሽን አልረሳሁትም፣ ትርንጎ፤ «እናትን እያስታመሙ ደከመኝ ማለት ነውር አይደለም ወይ?» ብለሽኛል። መጀመሪያ ግን ይህን ሰውዬ ስሚው።

ሰውዬው ከወደብ ወደ መሀል አገር ባለ ተሳቢ መኪና የሚነዳ ነው። ጎበዝ ነው፤ ጉረኛም ነው። ሹፌሮች ምሳ በሚበሉበት ቤት ሁሉ «እኔ መሪ ከያዝኩ እንቅልፍ የሚባል አላውቅም» ይል ነበር። ይህን ያህል ከፎከረ በኋላ መንገድ ዳር አቁሞ መተኛት እንዴት ይሆንለታል? ሁለት ቀን ሳይተኛ ነዳ።

በሦስተኛው ቀን፣ በዚያ በሚያቃጥል ቆላ፣ እኩለ ቀን ላይ ዓይኑ ክድን አለ። የነቃው የፊት ጎማው ከአስፋልት ወጥቶ ጠጠሩ ሲንኳኳ ነው። አጠገቡ ገደል ነበር። መሪውን መልሶ ደልዳላ ቦታ አቆመና ወረደ። አሁን ካልተኛ እንደሚሞት ገብቶታል። ግን ተኝቼ ቢያዩኝስ ብሎ ተጨነቀ።

መላ መጣለት። መኪና ሲበላሽ ሹፌር ከፊትና ከኋላ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ያስቀምጥ የለ? እሱም ከግራር ቆርጦ አስቀመጠና ጋቢና ገብቶ ተጋደመ። ተበላሽቶበት ነው ብለው ያልፉኛል ብሎ ነው። ቅጠል ያየ ሹፌር ዝም ብሎ እንደማያልፍ ግን ረስቶታል።

ገና ሸለብ ሲያደርገው በሩ ተንኳኳ። «ወንድሜ፣ ምን ሆነብህ?» አለ አንዱ።

«ናፍጣ አልስብ ብሎኝ።»

መጪው እጅጌውን ሰብስቦ ቧንቧውን ፈታ፣ አጠበ፣ ገጠመ፤ ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። «ይኸው፣ ተሠራልህ!» ብሎ ደስ ብሎት ሄደ። የኛ ሰው ተመልሶ ሊጋደም ሲል ሌላ መጣ። ለዚህኛው ደግሞ «ፍሬን ነው» አለው። ይኸኛው መፍቻውን ይዞ ከተሳቢው ሥር ገባ፤ የኛ ሰው በዚያ ፀሐይ ተንበርክኮ የሌለ ብልሽት ያሳየዋል። እንዲህ ያለ ልፋት ሰምቼ አላውቅም።

በዚህ መሀል ሦስት መኪኖች ተከታትለው ቆሙ። ከፊተኛው አንድ ሽማግሌ ሹፌር ወረዱ። ሞተሩን አላዩም፤ የሰውዬውን ዓይን አዩ። «ልጄ፣ የተበላሸው የቱ ነው?» አሉት።

ውሸቱ አልቆበት ነበር። «አባቴ፣ መኪናው ደህና ነው። እንቅልፍ ነው ያሸነፈኝ» አለና አንገቱን ደፍቶ ሳቃቸውን ጠበቀ።

ሽማግሌው እውነትም ሳቁ፤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «እግዜር ይስጥህ! እኔም ከጠዋት ጀምሮ ቀድሞኝ የሚቆም ሰው ስፈልግ ነበር» አሉ። ከኋላቸው የመጡት ሁለቱ ይህን ሲሰሙ ምንጣፋቸውን አወረዱ። ፍሬን ሊሠራ የገባውስ? ጎንበስ ብለው ቢያዩት መፍቻውን ታቅፎ ያንኮራፋል።

በየተራ ተኙ። ነቅቶ የመጠበቅ ተራው የሆነው ጥላ ሥር ይቀመጥና፣ ቅጠል አይቶ ለሚቆም ሁሉ «መኪና አይደለም፣ ሰው ነው የደከመው፤ እለፍ ወይም ተኛ» ይለዋል። ከቆሙት ብዙዎቹ ተኙ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፊታቸውን ታጥበው፣ እየተሳሳቁ ጉዟቸውን ቀጠሉ፤ ሁሉም በሰላም ቤታቸው ገቡ።

እንግዲህ ትርንጎ፣ ያ ሹፌር አንቺ ነሽ። ትናንት ለእናትሽ የሰጠሻትን መድኃኒት ረስተሽ ደግመሽ ልትሰጫት ነበር፤ ጎማሽ ጠጠሩን ነክቷል ማለት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «ምን ጎደለሽ?» ይልሻል፤ አንቺ አንዱን ስኳር፣ አንዱን ብርቱካን ታስመጪያለሽ። ቤትሽ በብርቱካን ሞላ! እንቅልፍ ያመጣልሽ ግን የለም፤ አልተናገርሽማ። መድከም ነውር የለበትም፣ ልጄ። ሰውን ከመኪና ሥር አስገብቶ ደህና ፍሬን ማስፈታት ግን ትንሽ ነውር አለበት።

ባለቤቴ ነጠላዋን ደርባ ወጥታለች፤ እስኪመሽ እናትሽ ዘንድ የምትቀመጠው እሷ ናት። እኔ በሩ ላይ እሆናለሁ። መጥቶ «ትርንጎ ምን ሆነች?» ለሚለኝ ሁሉ «እንቅልፍ ነው» እለዋለሁ። በይ ተነሺ፣ ሂጂና ተኚ።