የአገርነሽ ተሳቢና ሦስቱ አበልጆች

በአንድ ወቅት ከቆጋ መስኖ በታች፣ ሽንኩርት ከሰው በሚበዛበት መንደር፣ አገርነሽ የምትባል ሴት ነበረች። ነፍሰ ጡር እያለች ባሏ ሞተባት። ጥሎላት የሄደው በሆዷ ያለውን ልጅና አንድ የትራክተር ተሳቢ ብቻ ነው። ልጁ ገና አልተወለደም፤ ተሳቢውም ከብረቱ በስተቀር ተሳቢ አይባልም። ወለሉ የባሕር ዛፍ ጣውላ ነበርና ከላይ ዝናብ፣ ከታች ምስጥ ተረባርበው ጨርሰውታል። የመንደሩ ዶሮዎች እንቁላል የሚጥሉት እዚያ ነበር። አገርነሽ ግን አልሸጥም አለች። «ልጄ የሚያድገው በዚህ ነው» ትላለች፤ ሰውም «እንዴታ!» ይላትና ዞር ብሎ ይስቃል።

ሦስት የመንደሯ ሰዎች ግን ደረሱላት፤ የመጀመሪያው እንየው ነው። እንየው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ባለ ሆቴል ዘበኛ ነበር። ሆቴሉ ውሃው ላይ የወጣውን ሰገነት ሲያድስ አሮጌውን ጣውላ ለእሱ ሰጠው። ጣውላው የእንጨት ዱቄትና ፕላስቲክ አንድ ላይ ቀልጦ የተሠራ ነው፤ ውሃ አያበሰብሰውም፣ ምስጥም ቀምሶ ይተወዋል። እንየው ዕድሜውን ሙሉ በአፈር ወለል የኖረ ሰው ነው፤ ቤታቸውን በዚህ ጣውላ ሊያለብሰው ለሚስቱ ቃል ገብቷል። ጣውላውን በአይሱዙ አስጭኖ መንደሩ ሲደርስ፣ አገርነሽ ያን ሆዷን ይዛ ተንበርክካ ከተሳቢው ላይ ብስባሹን በእጇ ስትፍቅ አያት። ወደ ቤቱ አላለፈም። «እዚሁ አውርዱት» አለ። ሚስቱ ብዙ ቀን አኮረፈችው።

ሁለተኛው አንማው ነው፤ የመንደሩ በያጅ። «ጣውላ ያው ጣውላ ነው» ብሎ እንደለመደው ጎን ለጎን በመዶሻ እያጠበቀ ደረደረው። የባሕር ዛፍ ጣውላ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ አጥብቆ ያልገጠመ ባለሙያ ይሰደባል። ይኼኛው ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ፀሐይ ስትከርር ጣውላዎቹ አብጠው፣ መፈናፈኛ አጥተው፣ እንደ ግመል ጀርባ ጉብ አሉ። ሰው ሲቆምባቸው ደግሞ ይሰረጉዳሉ፤ እንደ እንጨት አይጠነክሩምና ከሥራቸው ያሉት አግዳሚ ብረቶች መጠጋጋት ነበረባቸው። መንደሩ ሳቀ። አንማው አፈረ፣ ግን ጥሎት አልሄደም። ሁሉንም ፈታ፤ በየመካከሉ ክፍተት እየተወ እንደገና ደረደረ። ትርፍ ብረት ስላልነበረው የራሱን የግቢ በር ነቅሎ ቆራረጠና ከወለሉ ሥር በየደው።

«በርህስ?» አለችው አገርነሽ ደንግጣ።

«እሾህ ሞልቶ!» አላት። ጅብ ግን እሾህ አይፈራም፤ በዚያው ሰሞን ገብቶ በጎቹን ጨረሰበት።

ሦስተኛው ዘውዱ ነው። ዘውዱ ትራክተር አለው፣ ተሳቢ የለውም፤ አገርነሽ ተሳቢ አላት፣ ትራክተር የላትም። ተስማምተው አብረው ይሠሩ ጀመር። የግንቦት ዝናብ በጣለ ዕለት ዘውዱ የዓመት ልፋቱን፣ የገዛ ማሳውን ሽንኩርት፣ በአዲሱ ወለል ላይ ጭኖ ወደ አስፋልቱ ሊወጣ ሲል አገርነሽን ምጥ ያዛት፤ ያለ ጊዜዋ፣ ደም እየፈሰሳት። አምቡላንስ በዚያ ጭቃ አይገባም። ዘውዱ ወዲያ ወዲህ አላለም። ሽንኩርቱን ከነጆንያው ጭቃ ላይ ገለበጠና «አስተኟት!» ብሎ ጮኸ። ወደ ጤና ጣቢያው የሚያሻግረው ወንዝ ሞልቷል፤ ገባበት። ውሃው በወለሉ ክፍተት ገብቶ በዚያው ወረደ፤ ወለሉ ከሥሯ ንቅንቅ አላለም። ጤና ጣቢያው ስትደርስ አዋላጇ፣ «ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ ሁለታችሁም አልነበራችሁም» አለቻት። ወንድ ልጅ ተገላገለች። ዘውዱ ሲመለስ ሽንኩርቱን ጎርፍ ወስዶታል።

አገርነሽ ከዚያ ወዲህ ሦስቱን ሳትመርቅ ውላ አታውቅም። ልጇን ባጠባች ቁጥር «እግዜር ብድራችሁን ይክፈል» ትላለች፤ ደስ ብሏት ታለቅሳለች። አርባው ሲቃረብ ግን ጭንቅ ገባት። የክርስትና አባት አንድ ነው። ለሌላው ልጅ የክርስትና አባት በዓመት በዓል ብቅ የሚል ዘመድ ሊሆን ይችላል፤ አባት ለሌለው ልጅ ግን አባቱ እሱው ነው። የሚቆጣው፣ የሚያስተምረው፣ ቆሞ የሚድረው እሱ ነው። ሦስቱም ደግሞ እኔ ላንሣው አሉ።

«እኔ ልጅ የለኝም» አላት እንየው።

«ከባልሽ ጋር አብረን ነው ያደግነው» አላት አንማው።

«ሲወለድ መጀመሪያ ያቀፍኩት እኔ ነኝ» አላት ዘውዱ።

የንስሐ አባቷን መምሬ ውባለምን ለመነቻቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ፣ አባቴ? ሦስቱም ያንሡልኝ።»

«ሎሚ ይከፋፈሉታል፣ ልጄ» አሏት። «አባት ግን አይከፋፈልም። እስከ ዕለቱ አስቢበት።»

መንደሩም ለሦስት ተከፈለ። አንዱ «እንየው ባይሰጣት በምን ላይ ልትተኛ ነበር?» ሲል፣ ሌላው «በነፃ ያገኘውን በነፃ ሰጠ፣ ምን ይደንቃል?» ይላል። «የአንማው ብረት ባይኖር ወንዙ መሐል ተሰብሮ ይቀር ነበር» ሲባል፣ «መጀመሪያ ያበላሸውስ ማን ሆነና?» ይባላል። «ዘውዱ የዓመት እንጀራውን ደፋላት!» ላሉትም መልስ አልጠፋም፤ «እና በገዛ ተሳቢዋ ሽንኩርት ጭኖ፣ እሷን ጥሏት ሊሄድ ኖሯል?»

አርባው ደረሰ። አገርነሽ ልጇን ታቅፋ ቤተ ክርስቲያን ገባች። ሦስቱም ነጭ ለብሰው ጎን ለጎን ቆመዋል። ልጁን ልብሱን አወለቁለት፤ መጮህ ጀመረ። መምሬ ውባለም፣ «ማን ነው የሚይዘው?» አሉ። ሦስቱም እጃቸውን ዘረጉ። አገርነሽ የሦስቱን ፊት በየተራ አየች። ከሦስቱ አንዱ ባይኖር ዛሬ እሷም ልጇም እዚህ አይቆሙም ነበር፤ አሁን ግን ሁለቱን በባዶ እጅ ልትመልስ ነው።

በሉ እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ልጁ ዕርቃኑን ነው፣ ብርድ እንዳይመታው ቶሎ በሉ፦ ለማን ታቅፈው?