አራተኛው ምልክት

ሰው በጻፈው የኮምፒውተር ፕሮግራም ውስጥ ስህተት የሚፈልግ ፕሮግራም የሠሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። ጋሽ መኩሪያ ይባላሉ። ሥራቸው ግር ካላችሁ አትፈሩ፤ እኔንም ብዙ ጊዜ ግር ብሎኛል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ፕሮግራም ከብዙ ፋይሎች ተገጣጥሞ ይሠራል። የጋሽ መኩሪያ መሣሪያ እነዚያን ፋይሎች እያነበበ "ችግሩ እዚህ ጋ ነው" ይላል።

መሣሪያው በየፋይሉ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ የሙያው ሰዎች ፍላግ ይሉታል። ምልክቱ እንደ አምፖል ነው፤ ወይ ይበራል፣ ወይ ይጠፋል። ጋሽ መኩሪያ ቁጭ ብለው የምልክቶቹን ትርጉም ጻፉ። አንደኛው ከበራ ፋይሉን ብዙ ፕሮግራሞች ይጋሩታል። ሁለተኛው ከበራ ተጠቃሚው በእጁ ያስገባው ነው። ሦስተኛው ከበራ የውስጡ ቅደም ተከተል ተቀያይሯል። ለአራተኛው ቁጥር ሰጥተው ትርጉሙን ሊጽፉ ሲሉ ስልክ ተደወለ። የዕድር ዳኛ ነበሩና ለቀብር ተጠሩ። ሲመለሱ ሌላ ሥራ ጠበቃቸው፤ የአራተኛው ትርጉም ሳይጻፍ ቀረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሳቸውም ከመሥሪያ ቤታቸው ጡረታ ወጡ።

መሣሪያው ግን ሥራውን ቀጠለ። አንዳንድ ፋይል ላይ አራተኛው ይበራል። ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ አላውቅም የሚልም የለም። አንዱ ግንባሩን ሲቋጥር ሌላው እሱን አይቶ ቋጠረ። እያለ እያለ "አራት አለበት" ማለት በዚያ መሥሪያ ቤት የበሽታ ስም መሰለ። ለምን ብሎ መጠየቅ የሚያስንቅ ስለመሰላቸው ዝም አይነቅዝም ብለው ሁሉም አለፉት።

ረድኤት የምትባል ባለሙያ እዚያ ቤት ለሙከራ ተቀጠረች። የጻፈችው ፋይል ትልቅ ነበርና አራተኛው በራበት። ኃላፊው አስጠሯት።

"ረድኤት፣ ሥራሽ አራት አለበት።"

"ምን በድዬ ነው?"

"እሱንማ የምታውቂው አንቺ ነሽ። የሙከራ ጊዜሽ ሳያልቅ አስተካክይው። አለዚያ አብረን መቀጠል አንችልም።"

ረድኤት ፋይሏን ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ ምንም አላገኘችም። ደግማ ስታነብ ግን ትክክል የነበረው መስመር አጠራጣሪ መሰላትና ለወጠችው። ከዚያ "ምናልባት ቢሳሳት" ብላ መጠንቀቂያ መስመር ጨመረች፤ በመጠንቀቂያው ላይ ሌላ መጠንቀቂያ ደረበች። ፋይሉ ስትጠግነው ጭራሽ እየወፈረ ሄደ፣ አራተኛውም እንደበራ ነው። ባልደረቦቿን ብትጠይቅ አንዱ "ከላይ ነው" አላት፣ ሌላው "የለም፣ ከታች ነው" አላት። ሁለቱንም ነካካች። በኋላማ ከቤቷ ስትወጣ በሩን መቆለፏን እንኳ ተጠራጥራ ከመንገድ ትመለስ ጀመር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይህች ልጅ አንጀቴን ትበላዋለች።

የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ሲል ጨነቃትና ጡረተኛውን አፈላልጋ ቤታቸው ድረስ ሄደች።

"ጋሼ፣ አራተኛው ምልክት የሚያሳየው የምን ስህተት ነው?"

"የምን ስህተት?" አሉ ሽማግሌው ግራ ተጋብተው። "ስህተት አይደለም እኮ ልጄ። መሣሪያው ትልቅ ፋይል ሲያጋጥመው ለጊዜው ያቆየዋል። 'ይሄን ገና አላነበብኩትም' ማለቱ ነው። አንብብ ካላችሁት ያነበዋል፤ ምልክቱም ይጠፋል።"

"እስከ ዛሬ ማንም አላነበበውም ማለት ነው?"

"ማንም። ቆይ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልጠየቃችሁኝም? ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማችሁም?"

"እርስዎስ ለምን አልጻፉትም?"

ጋሽ መኩሪያ ተነሱ። ጫማቸውን አድርገው ተከተሏት።

መሥሪያ ቤት ደርሰው፣ ኃላፊው ባሉበት፣ መሣሪያውን "አንብብ" ብለው አዘዙት። አራተኛው ጠፋ። ወዲያው ግን መሣሪያው አንድ ስህተት አገኘ።

"አላልኩም?" አሉ ኃላፊው።

ስህተቱ የተገኘው ረድኤት ስትጠግን በጨመረችው መጠንቀቂያ ውስጥ ነበር። ሳትነካካው በፊት ያስቀመጠችውን የመጀመሪያውን ቅጂ አምጥተው አስነበቡት። መሣሪያው ከላይ እስከ ታች አንብቦ ምንም አላገኘም።

ኃላፊው አፈሩም፣ ደስም አላቸው፤ የቱን እንደሚያስቀድሙ ግራ ገባቸው። "በቃ፣ ሥራሽ ንጹሕ ነው። የመጀመሪያውን መልሺውና እንቀጥላለን" አሏት።

"ፋይሉን እመልሰዋለሁ" አለች ረድኤት። "ያን ጊዜ ሳትጠራጠር የጻፈችውን ልጅ ግን ከየት ላምጣት?"

ጋሽ መኩሪያ ወንበር ስበው ከአራተኛው ምልክት አጠገብ የጎደለውን ጻፉ፦ "ይህ ከበራ እኛ ፋይሉን ገና አላየነውም።" የታዘዘላቸው ሻይ እስኪመጣ ጽፈው ጨርሰው ነበር።

ወዳጆቼ፣ ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የዚያ ቤት ዝምታ ግን ነቅዞ የሰው ልብ በላ። በሰው ላይ የምንለጥፈው ምልክት ብዙውን ጊዜ የሚናገረው የእኛን አለማወቅ ነው። ያላየነውን "ችግር አለበት" ባልን ቁጥር ጤነኛው ራሱን ሲያክም ይታመማል። ጥፋቱ ሳይጽፉ የቀሩት ነው ወይስ ሳይጠይቁ ግንባራቸውን የቋጠሩት፣ እኔ እስካሁን አልለየልኝም። እናንተ ግን "እሱ ሰውዬ አራት አለበት" ብላችሁ የምትሸሹት ሰው ካለ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ አንብባችሁታል?