ማነው ያነበበብኝ?

ላውራላችሁ? አውሪ በሉኛ! ካላችሁኝማ እነሆ።

እልፍነሽን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ናቸው። እሷ ራሷን በሳሙና ለቅልቃ ሳለች ውሃው ቀጥ አለ። አሁን የምትፈልገው ባል ሳይሆን አንድ ጆግ ውሃ ነው።

የውሃ ፈረቃው ዜና በረንዳው ላይ፣ በግቢው የጋራ ታብሌት ውስጥ አለ። ታብሌቱ ከየቦታው ዜና ይለቅማል። ያልተነበበውን አድምቆ ከላይ ያስቀምጣል፤ አንድ ሰው ከከፈተው ግን «ተነቧል» ብሎ አደብዝዞ ከታች ይጥለዋል። በዚህ ሰበብ ግቢው ስንቴ ተኳርፏል!

«ከበቡሽ፣ ዓይኔን መግለጥ አልቻልኩም፤ ዜናውን አንብቢልኝ!» አለች ጎረቤቷን።

«ጋሽ ደባልቄ ሳያነቡ? ማነው ያነበበብኝ ብለው ይጮሁብኛል። አልከፍትም!»

እልፍነሽ ግድግዳ እየዳበሰች ሄደች። «ጋሽ ደባልቄ፣ ከበቡሽ አልከፍትም አለች፣ ዜናው አልተነበበም፣ ውሃው የት እንዳለ አልታወቀም፣ ሳሙናው ዓይኔን ፈጀኝ!»

«አከራዬን እትዬ ዘርፌን ልቅደም? አልቀድምም፣ ነውር ነው!»

«እትዬ ዘርፌ፣ ጋሽ ደባልቄ አልቀድምም አሉ፣ ከበቡሽ አልከፍትም አለች፣ ዜናው አልተነበበም፣ ውሃው የት እንዳለ አልታወቀም፣ ሳሙናው ዓይኔን ፈጀኝ!»

«እማማ ጠጂቱ እያሉ እኔ ማን ነኝ?»

ይሉኝታ ሰው ሲገድል እንዲህ ነው። እማማ ጠጂቱ የግቢው ትልቅ ናቸው፤ ታብሌቱ ሥር ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ እትዬ ዘርፌ እኔ ማን ነኝ አሉ፣ ጋሽ ደባልቄ አልቀድምም አሉ፣ ከበቡሽ አልከፍትም አለች፣ ዜናው አልተነበበም፣ ውሃው የት እንዳለ አልታወቀም፣ ሳሙናው ዓይኔን ፈጀኝ!»

«እኔ ፊቴን ሳልታጠብ ዜና አላይም። እስቲ ውሃ አምጪልኝ፣ ልጄ።»

እልፍነሽ አበደች። በአረፋ እጇ ታብሌቱን በጥፊ አጮለችው። ዜናው ተከፈተ። ታብሌቱም «ተነቧል» አለ፤ ዓይኗን የጨፈነች ሴት አነበበችው!

«ማነው ያነበበብኝ?» ብለው እማማ ዘለው አነበቡ። እማማ ካነበቡ ብለው እትዬ ዘርፌ አነበቡ፣ እትዬ ዘርፌ ካነበቡ ብለው ጋሽ ደባልቄ አነበቡ፣ ጋሽ ደባልቄ ካነበቡ ብላ ከበቡሽ አነበበች።

«ውሃ በታችኛው ቧንቧ! ሊዘጋ ነው!»

ሁሉም ጀሪካኑን ይዞ ተፈተለከ። ቧንቧው ጋ «እርስዎ ይቅደሙ» ያለ የለም። ከበቡሽ ጋሽ ደባልቄን በክርኗ ጎሸመች፣ ጋሽ ደባልቄ አከራያቸውን ገፈተሩ፣ እትዬ ዘርፌ የእማማን ነጠላ ረገጡ። እልፍነሽ ግን አረፋ እየረጨች ሁሉንም አልፋ ራሷን ከቧንቧው ሥር ከተተች። ተመስገን! ዓይኗ በራ።

ሽማግሌዎቹም ግቢው በር ላይ ደረሱ። «እርስዎ ይግቡ።» «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ!» እልፍነሽ ጸጉሯን አበጠረች፣ ለበሰች፣ ተኳለች። እነሱ ገና አልገቡም። በመጨረሻ ሙሽሪት ራሷ ወጥታ እጅ እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው።